ሃርቬስተር ልግዛ ወይስ ደሞዜ ላይ ልቀመጥ?

ይህን ጥያቄ ሐበሾች በሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፈው ልጅ የሚኖረው ደቡብ ስዊድን፣ ስሞላንድ ውስጥ ነው። ስድስት ዓመት ፎርዋርደር ነድቷል። ለማያውቅ ሰው፣ ፎርዋርደር ማለት ተቆርጦ የተጋደመውን ግንድ በክሬኑ እያነሳ ጀርባው ላይ ጭኖ እስከ መኪና መንገድ የሚያወጣ ባለ ስምንት ጎማ ማሽን ነው። ከፊቱ የሚሄደው ሃርቬስተር ይባላል። እሱ ዛፉን ቆሞ እያለ ያንቀዋል፣ ከሥሩ ይቆርጠዋል፣ ቅርንጫፉን ይመለምላል፣ በሚፈለገው ርዝመት ይከትፈዋል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስዊድንና ፊንላንድ ውስጥ ለፋብሪካ የሚሄደው እንጨት ከሞላ ጎደል በሙሉ በእነዚህ ሁለት ማሽኖች ነው የሚወጣው።

ልጁ ሒሳቡን ዘርዝሮ አስቀምጧል። 9,800 ሰዓት የሠራ ያገለገለ ሃርቬስተር በ1.9 ሚሊዮን የስዊድን ክሮና አግኝቷል። አዲሱ ከ5 ሚሊዮን በላይ ስለሚሸጥ ይሄኛው ርካሽ ሆኖ ታይቶታል። 380 ሺህ ከኪሱ ይከፍላል፤ የቀረውን 1.52 ሚሊዮን ባንክ በ7 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ያበድረዋል። ሥራም አለ። ደን ማሳሳት ነው፣ ማለትም ዛፎቹ ገና ሳይጎለምሱ ደካማ ደካማውን አውጥቶ ለቀሩት ቦታ መልቀቅ። ለአንድ ሜትር ኩብ 120 ክሮና ሊከፍሉት ተስማምተዋል። በሰዓት 12 ኩብ፣ በዓመት 1,600 ሰዓት ብሎ አባዛው። 19,200 ኩብ፤ በገንዘብ 2.3 ሚሊዮን ክሮና። ወጪው ለባንክ በመጀመሪያው ዓመት 410 ሺህ፣ ለናፍጣ 312 ሺህ፣ ለኢንሹራንስ 40 ሺህ፣ ለጥገና 150 ሺህ። ሲቀናነስ 1.39 ሚሊዮን ይተርፈዋል። መጨረሻ ላይ ያልታየኝ ነገር ካለ ንገሩኝ ብሎ ዘጋው።

ይህቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ወድጄለታለሁ። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር የሚጽፈው አይዞህ ግዛ እንዲባል ነው።

1ኛው መልስ እሱኑ ነበር። በርታ ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ይርዳህ፣ ሐበሻ በማሽን ሲገባ ማየት ያኮራል። ሁለት የእጅ ምልክት ተጨምሮበታል። ቁጥር ግን አንድም የለበትም።

2ኛው ሰው ሰሜን ስዊድን፣ ኡሜኦ አካባቢ የሚሠራ የሃርቬስተር ኦፕሬተር ነው። 11 ዓመት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። በትህትና ነው የጀመረው፤ ሰላምታ፣ እንኳን አሰብክ፣ ከዚያ ወደ ሰዓቱ ገባ። 1,600 ሰዓት ያልከው አንተ ጫካ ውስጥ የምትውልበት ነው ወይስ ማሽኑ ዛፍ የሚቆርጥበት ብሎ ጠየቀ። ልዩነቱን ሲያስረዳም ከዋለው ሰዓት ላይ ሰንሰለት የሚቀየርበት፣ ቅባት የሚጠጣበት፣ ናፍጣ የሚሞላበት፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚፈነዳበት፣ ማሽኑ በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚያጓጉዝ ዝቅ ያለ ተጎታች) ተጭኖ ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው የሚሄድበት ሁሉ ይቀነሳል አለ። እሱ ጋ ከአምስቱ ሰዓት አራቱ ሥራ ከሆነ ጥሩ ሳምንት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲላላ ከባድ መኪና በጫካ መንገድ ላይ አይፈቀድም፤ ማሽኑ ይቆማል። በደረቅ በጋ ሰንሰለቱ ወይም ጎማው ላይ ያለው ብረት ድንጋይ ገጭቶ እሳት ያስነሳል ተብሎ እንደገና ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2014 ቬስትማንላንድ የተባለውን የስዊድን ግዛት ያነደደው ትልቅ ቃጠሎ የተነሳው መሬት ለተከላ ስታዘጋጅ በነበረች የደን ማሽን መሆኑን አስታወሰ። ባንኩ ግን በግንቦትም በበጋም አይቆምም አለ።

ሌላም ጠየቀ። አንተ ራስህ ሃርቬስተር ላይ ስንት ሰዓት ተቀምጠሃል? 12 ኩብ በሰዓት የልምድ ሰው ፍጥነት ነው፤ ከፎርዋርደር የመጣ ሰው እዚያ ለመድረስ ዓመት ይፈጅበታል ነው የሚለው። ልጁ ለዚህ ጥያቄ እስከ መጨረሻው በቀጥታ አልመለሰም። እኔ መልሱን ከዝምታው ተረድቻለሁ።

3ኛው መልስ አራት መስመር ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን የክሩ (የጥያቄውና የመልሶቹ ሰንሰለት) እምብርት እሱ ነው። 120 ክሮና የተባለው አንዱ ግንድ ስንት ኩብ ሲሆን ነው ብሎ ጠየቀ። ውል ውስጥ ሠንጠረዥ አለ፤ ሠንጠረዡን ሳታይ እንዳትፈርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃርቬስተር የሚከፈለው በኩብ ነው፤ ጊዜ የሚፈጅበት ግን በዛፍ ነው። ክንዱን መዘርጋት፣ ዛፉን መያዝ፣ መቁረጥ፣ መመልመል፤ ዛፉ ቀጭንም ሆነ ወፍራም ጊዜው ብዙ አይለያይም። አንዱ ግንድ 0.35 ኩብ ከሆነ በሰዓት ሃያ ምናምን ኩብ ይወጣል። 0.12 ከሆነ ግማሹ ነው። 0.09 ከሆነ ደግሞ ላብህ ጠብ እያለ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። ናፍጣው፣ ወለዱ፣ ኢንሹራንሱ ግንዱ ቀጠነ ብለው አይቀንሱልህም። ስለዚህ የግንዱ መጠን ሲቀንስ የኩቡ ዋጋ ወደ ላይ የሚወጣበት ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። ያ ሠንጠረዥ ቀጭን ዛፍ ላይ ሲደርስ በበቂ ካልወጣ የሚከስረው ባለ ማሽኑ ነው።

4ኛው ከሲያትል ነው፤ የትራክ ሹፌር። እሱ ስለ እንጨት ምንም አላውቅም ብሎ ነው የገባው፤ ስለ ፔይመንት (የዕዳ ክፍያ) ግን አውቃለሁ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የጭነት ዋጋ ሰማይ ነክቶ ሳለ ያገለገለ ትራክ በእጥፍ ዋጋ የገዙ ጓደኞቹን አነሳ። በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው ወረደ፣ ፔይመንቱ ግን ባለበት ቀረ። ሦስቱ ቁልፉን መልሰው ደሞዝተኛ ሆኑ። አንዱ የትራኩን ሞተር ለማሠራት ቤቱን አስይዟል። ምክሩ አጭር ናት፤ ማሽን ስትገዛ የገዛህበትን ቀን ገበያ ሳይሆን የመጥፎውን ዓመት ገበያ ይዘህ አስላ።

5ኛው በጨዋነት አረመው። ትራክና ሃርቬስተር አንድ አይደሉም። ትራክ ያለው ሰው ሲያትል ጭነት ቢያጣ ዳላስ ሄዶ ይፈልጋል፣ ተጎታቹን ቀይሮ ሌላ ዕቃ ይጭናል። ሃርቬስተር ግን ከዛፍ ሌላ የሚይዘው ነገር የለም። በራሱ ጎማ ከተማ አቋርጦም አይሄድም፤ ሎቤድ ተከራይተህ ነው የምታንቀሳቅሰው። ሥራ የሚሰጥህም በአካባቢህ ያለ አንድ ወይም ሁለት የእንጨት ገዢ ነው። እነሱ ዋጋ ሲቀንሱ የት ትሄዳለህ? ሲያትሌው በሌላ ቀን ተመልሶ ልክ ነህ አለ።

ከዚህ በኋላ 6ኛው መጣ፤ ክሩ ከዚህ ጀምሮ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። ሰውዬው በጋለ ስሜት ነው የጻፈው። ለምን ስዊድን ትታገላለህ? ማሽኑን በጅቡቲ አስገባው። አገራችን ከእንጦጦ እስከ ጎጃም ባሕር ዛፍ ነው፣ አሁንም በመጥረቢያ ነው የሚቆረጠው፣ አንድ ሃርቬስተር የመቶ ሰው ሥራ ይሠራል፣ ተፎካካሪ የለህም። ብዙ ሰው ወደደው። እኔም ለአፍታ ልቤ ተነሳ፤ ከዚያ የአያቴን ባሕር ዛፍ አሰብኩ። ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ በበቅሎ እንኳን ተጠንቅቀው ነው የሚወርዱት።

7ኛው የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ ስቶክሆልም ውስጥ የአነስተኛ ድርጅቶችን መዝገብ ይሠራል። የልጁን ሒሳብ ከላይ እስከ ታች እንደገና ሠራለት። ከ2ኛው መልስ ተነስቶ 1,600ውን ሰዓት ወደ 1,250 አወረደው። 12 ኩቡን እንዳለ ተወለት። 15,000 ኩብ፣ 1.8 ሚሊዮን ክሮና። ለባንክ 410 ሺህ። ማሽኑ በሰዓት 13 ሊትር ይጠጣል፣ ሊትሩ በ15 ክሮና፤ 244 ሺህ። ኢንሹራንስ 40 ሺህ። 10 ሺህ ሰዓት የተጠጋ ማሽን በሰዓት 200 ክሮና ጥገና ይበላል ብሎ 250 ሺህ አስቀመጠ። በዓመት ሃያ ጊዜ በሎቤድ መዛወር 120 ሺህ። ሰንሰለት፣ ዘይት፣ ጫካ መሄጃ መኪና፣ ስልክ፣ የሒሳብ ሠራተኛ (እዚህ ላይ በራሱ ሳቀ) 130 ሺህ። የቀረው 606 ሺህ ነው።

ከዚያ የረሳኸው ትልቁ ወጪ ራስህ ነህ አለው። በወር 33 ሺህ ክሮና የሚከፈለው ኦፕሬተር ብትቀጥር፣ 31.42 በመቶ የአሠሪ መዋጮ ሲታከልበት፣ በዓመት 520 ሺህ ታወጣለህ። ለራስህም ይህንኑ መቁጠር አለብህ፤ አሁን የምታገኘውን ደሞዝ ትተህ ነው የምትወጣው። ስለዚህ የማሽኑ ትርፍ 86 ሺህ ነው። 1.39 ሚሊዮን አይደለም። አንድ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ቢሰበር ይችው 86 ሺህ አለቀች። ግንዱ ቀጥኖ በሰዓት 10 ኩብ ብታወጣና ዋጋው 120 ላይ ቢቀር ደግሞ 300 ሺህ ከገቢህ ይወርዳል፤ 214 ሺህ ትከስራለህ። አንድ ቦታ ላይ ልጁ በአምስት ዓመት ዕዳውን ሲጨርስ ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሚሞላው እንዲያሰላም ነገረው። እኔ አስልቼዋለሁ፤ ሞተሩ በዓመት 1,600 ሰዓት ከዞረ 17,800 ይሆናል። ዕዳው አልቆ ማሽኑ ያንተ ሆነ በተባለበት ቀን ማለት ነው።

ልጁ በ8ኛው ተመለሰ። ትንሽ ተከፍቷል፣ ይታወቃል። እኔ ለራሴ ደሞዝ አልቆርጥም፣ ቅዳሜም እሠራለሁ፣ ማታም እሠራለሁ፣ መብራት አለው ማሽኑ አለ። ጥገናውንም ግማሹን በእጄ እሠራለሁ።

9ኛው ሰው ጨካኝ ነው። አንተ የምትገዛው ማሽን አይደለም፣ ዕዳ ያለበት ሥራ ነው የምትገዛው አለ። ነፃ የምትሠራ ከሆነ ማሽኑ አተረፈ አይባልም፤ አንተ ተበዘበዝክ ነው የሚባለው፣ የበዘበዝከውም ራስህ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን ሐበሻ ጎረቤቱ ሱቅ ከከፈተ ሱቅ ይከፍታል፣ ታክሲ ከገዛ ታክሲ ይገዛል፣ ሒሳብ የሚያስበው ከከሰረ በኋላ ነው እያለ ወረደበት። 10ኛው ቁጣውን አልዋጠም። ልጁ ከመግዛቱ በፊት ሒሳቡን አደባባይ አውጥቶ እየጠየቀ ነው፤ ያልከው ሰው እሱ አይደለም፤ ምን ነካህ አለው። 9ኛው መልሶ ጻፈ፣ 10ኛውም መልሶ ጻፈ። ከ11 እስከ 13 ያሉት መልሶች በሙሉ የዚህ ጸብ ልጆች ስለሆኑ አልፋቸዋለሁ። አንዱ ገላጋይ ሽማግሌ የሁለቱንም ዕድሜ ጠይቆ ነበር።

14ኛውን መልስ የጻፈው ያው 2ኛው፣ የኡሜኦው ኦፕሬተር ነው። ጸቡን እንዳላየ ዘሎ ጥገናውን በእጄ እሠራለሁ ወደሚለው ተመለሰ። ቱቦ መቀየር፣ ሰንሰለት መሳል፣ ፊልትሮ መለወጥ፣ አዎ፣ ሁሉም ኦፕሬተር ይሠራዋል። ኮምፒውተሩና ዳሳሹ ሲበላሽ ግን የኩባንያው ሰው ካልመጣ ወፍ የለም። ማሽኑ የእያንዳንዱን ግንድ ውፍረትና ርዝመት ይለካል፤ መጋዝ ቤቱ በላከው የዋጋ ሰንጠረዥ የትኛው ቦታ ቢቆረጥ የበለጠ እንደሚያወጣ ያሰላል። ልኬቱ ጥቂት ሚሊሜትር ከሳተ እንጨቱ በዝቅተኛ ደረጃ ይገባል፤ ስለዚህ በእጅ መለኪያ እየተያዘ ይፈተሻል። አንድ ክረምት ውርጩ 25 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሳለ የክሬኑ ዋና ቱቦ ፈንድቶበት፣ ዘይቱ በረዶው ላይ እንደ ቀይ ወጥ ፈሶ፣ በመጥረጊያና በከረጢት ሲሰበስብ እንዳመሸ ተረከ። ሌላ ጊዜ የአንድ ትንሽ ዕቃ መለዋወጫ ሦስት ሳምንት ጠብቋል።

የመጋዙ ሰንሰለት በሴኮንድ 40 ሜትር ነው የሚሮጠው። ሲበጠስ ቁራጩ እንደ ጥይት ይወጣል። የካቢኑ መስኮት ተራ መስታወት ያልሆነው፣ ወፍራም ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ፕላስቲክ) የሆነው ለዚህ ነው። ያገለገለ ማሽን ስትገዛ መስኮቱን እይ አለ፤ ከተቧጨረና ከደበዘዘ መቀየር አለበት፣ ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። እንዲህ ዓይነት ምክር የሚሰጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ሰው የትኛው ማሽን ይሻላል ብሎ ጣልቃ ገባ፤ እንደ ቶዮታና እንደ አይሱዙ ክርክር ሆነ። አንዱ በኡሜኦ ለሚሠራው ኮማትሱ ቆመ፣ አንዱ ፊንላንድ ዮኤንሱ ለሚሠራው ጆን ዲር። ፖንሴ የያዘው ሰው አሸነፈ፤ በማሽኑ ሳይሆን በታሪኩ። ፖንሴን እ.ኤ.አ. በ1970 ቪዬሬሜ በምትባል የፊንላንድ ገጠር የመሠረተው ራሱ እንጨት ሲቆርጥና ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው፤ የሚገዛቸው ማሽኖች ቶሎ ቶሎ ቢሰበሩበት የራሱን ሠራ። ስሙን ያገኘው ደግሞ በመንደሩ ከሚዞር ውሻ ነው። 9ኛው እንኳን ለዚህ ሳቀ።

ወደ ባሕር ዛፉ እንመለስ። 17ኛው መላሽ እንጅባራ አካባቢ የሚሠራ የደን ባለሙያ ነው። ለ6ኛው ሰው ነው የመለሰው፤ በትዕግሥት። መጀመሪያ የግንዱን መጠን ወሰደ። ለአጠና የደረሰ ባሕር ዛፍ ስምንት ሜትር ርዝመት ቢኖረው፣ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ 0.04 ኩብ ቢሆን ነው። ማሽኑ በሰዓት 90 ዛፍ ቢቆርጥ 3.6 ኩብ ወጣ። ስሞላንድ ላይ በ10 ኩብ የሚከስር ማሽን እዚህ በ3.6 ምን ይሆናል?

ቀጠለ። እኛ ጋ ባሕር ዛፍ በኩብ አይሸጥም፤ ማገር፣ ወራጅ፣ ቋሚ እየተባለ በቁጥር ነው የሚሸጠው። ገዢው ቆጥሮ፣ ተደራድሮ፣ ራሱ ቆራጭ ይዞ ይመጣል። ባለቤቱ ያለው መሬት አንድ ጥማድ ወይም ግማሽ ነው፤ ሎቤድ ከመድረሱ በፊት ሥራው ያልቃል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ተቆርጦ አይሞትም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከአንድ ጉቶ ሦስትና አራት ግንድ ይወጣል። የማሽኑ ጭንቅላት ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ለመያዝ ይቸገራል። የጉቶውን ልጥ ከቀደደው ወይም ጎማው ከወጣበት የሚቀጥለው ምርት ይጎዳል። የጭንቅላቱ ባለ ጥርስ ሮለሮችም አጠናውን ይነክሱታል። ለፋብሪካ ችግር የለውም፤ ለቤት ቋሚ የሚገዛው ሰው ግን የተነከሰ እንጨት አያነሳም።

6ኛው አልተረታም። ብራዚል ባሕር ዛፍን በሃርቬስተር አይደለም ወይ የምትቆርጠው አለ። እውነቱን ነው። 17ኛው አዎ አለው፤ እዚያ ግን የወረቀት ፋብሪካ ራሱ የተከለው፣ በአንድ ቀን የተተከለ፣ በመስመር የቆመ፣ ሜዳ ላይ ያለ፣ በስድስት በሰባት ዓመቱ 0.2 ኩብ የሚደርስ ግንድ ነው። ማሽኑ እዚያው ልጡን ይልጣል፣ ሌት ተቀን በፈረቃ ይሠራል። ማሽኑ ያተረፈው ዛፉ ባሕር ዛፍ ስለሆነ አይደለም፣ ሥራው ስለማይቋረጥ ነው። እኛ አገር ለጊዜው የሚያዋጣው ጥሩ የሞተር መጋዝ፣ የራስ ቁርና የእግር መከላከያ፣ ከተቻለም ዊንች (ግንድ በገመድ የሚጎትት መሣሪያ) ያለው ትራክተር ነው ብሎ ደመደመ። አንድ ሰው ከሥር ስለ ቆራጮቹ አስታወሰ፤ ማሽኑ የመቶ ሰው ሥራ ይሠራል ስትል መቶው ሰው የት ይሄዳል አለ። ለዚህ ማንም አልመለሰም። መመለስ የነበረበት ይመስለኛል።

20ኛው መልስ ከአርሲ፣ ከአሳሳ ነው። ሰውዬው ኮምባይነር አለው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ እናንተ የምታወሩት ስለ እኔ ነው አለ።

እሱ ስንዴ የሚያጭደው በኩንታል ነው። ማሳው ጥሩ ከሆነ ኩንታሉ ይጎርፋል። እህሉ ከሳሳ ግን ያንኑ ማሳ ዞሮ፣ ያንኑ ናፍጣ አቃጥሎ ግማሹን ኩንታል ነው የሚያገኘው። ከጋሸበ ደግሞ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ድንጋይም ይነክሳል። 3ኛው መላሽ ስለ ግንድ ያለውን እሱ ስለ ዛላ አለው። ለዚህ ነው ደላላው ማሳ ሲያሳየው ከመኪና ወርዶ በእግሩ መሐል ድረስ የሚገባው፤ ዳር ዳሩ ሁልጊዜ ያማረ ነው። ልጁንም ጫካው ውስጥ ግባ፣ ከመንገድ ዳር አትይ አለው። እኔ ከመልሶቹ ሁሉ ቀንቼ ያነበብኩት ይህን ነው።

ስለ ሰዓትም ነገረው። አርሲ ውስጥ አጨዳው ሁለት ወር ተኩል ቢሆን ነው። በዚያ ብቻ የማሽን ዕዳ አይከፈልም። ስለዚህ ማሽኑን አስጭኖ ሁለት ጊዜ ወደሚመረትበት ባሌ ይሄዳል፣ አንዳንድ ዓመት ጎጃም ይዘልቃል። ትርፉ የሚመጣው ከመኸሩ አይደለም አለ፤ መኸሩ ዕዳ ይከፍላል፣ ትርፍ የሚባለው ሌላው ሰው ማሽኑን ሸራ አልብሶ ባቆመበት ወር የሚሠራት ናት። ልጁ ግንቦት ላይ ማሽኑ ሲቆም ምን ለማድረግ እንዳሰበ ጠየቀ።

ሲያትሌው እዚህ ላይ ነበር የተመለሰው። ዋሽንግተን ግዛት ተራራማ ጫካ ውስጥ ማሽኖች ከላይ በገመድ ታስረው ቁልቁል ሲሠሩ አይቷል። ፎቶ ለጠፈ። ሁሉም ተደነቀ፤ ለልጁ ጥያቄ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም።

23ኛው ቬክሼ በምትባል የደቡብ ስዊድን ከተማ የኖሩ አባት ናቸው፤ ሁሉም አንቱ እያለ ነው የሚጠቅሳቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ጉድሩን የተባለው ማዕበል ደቡብ ስዊድንን የመታ ሌሊት እዚያው ነበሩ። 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ዛፍ በአንድ ሌሊት ተጋደመ። ማሽን ያለው ሁሉ ከየአገሩ መጣ፤ ሥራ ሞልቶ ፈሰሰ። የወደቀ ዛፍ ግን የተወጠረ ዛፍ ነው፣ ሲቆረጥ ይፈናጠራል፤ በጽዳቱ ሰዎች ሞተዋል። ማሽን በላይ በላዩ የገዙም ነበሩ አሉ። ጫካው ሲጸዳ ሥራው አለቀ፣ ማሽኖቹ ቀሩ። 24ኛው ከእሳቸው ቀጥሎ ወለዱን አነሳ። የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ዜሮ ነበር፤ በመስከረም 2023 4 በመቶ ደረሰ። በዜሮ ጊዜ የተሠራ ሒሳብና በ4 ጊዜ የተሠራ ሒሳብ አንድ አይደለም።

ልጁ ለ16 ቀን ጠፋ። በ26ኛው መልስ ላይ ብቅ አለ። ኮምባይነር ያለውን ሰው ምክር ሰምቶ ጫካው ውስጥ ገብቷል። ሠንጠረዡንም ጠይቆ አግኝቷል። 120 ክሮናው ለ0.12 ኩብ ግንድ ነው፤ 0.09 ላይ ሲደርስ የሚጨምሩት 9 ክሮና ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት በዚያ አካባቢ የሠራ ሃርቬስተር ላይ የተመዘገበው አማካይ ግንድ ደግሞ 0.09 ነው። 7ኛውን አመስግኖ ሒሳቡን በአዲሱ ቁጥር እንዲሠራለት ጠየቀ። 7ኛው በአሥር ደቂቃ ሠራው። 12,500 ኩብ በ129፤ ኪሳራው ከ214 ሺህ ወደ 101 ሺህ ወርዷል፤ አሁንም ግን ኪሳራ ነው።

ልጁ ማሽኑን ሳይገዛ ቀረ። አሠሪውን ጠይቆ በሳምንት ሁለት ማታ ሃርቬስተሩ ላይ እንዲቀመጥ ተፈቅዶለታል። የመጀመሪያው ማታ በሰዓት 5 ኩብ አወጣ። ይህንን ሳይደብቅ መጻፉ 9ኛውን ሰው ሳይቀር አለዘበው፤ እኔ ስጀምር 4 ነበር ብሎ መለሰለት። እሱም ኦፕሬተር ኖሯል፤ እስከዚያ አልተናገረም።

መጨረሻ ላይ የአሳሳው ሰው አንድ ነገር ጠየቀ። እዚህ ኮምባይነር ማሳ ሲገባ ባለ እህሉ ለኦፕሬተሩ ምሳ ያቀርባል፣ የተሳካ ቀን ከሆነ በግም ይታረዳል፤ እዚያስ የጫካው ባለቤት ምን ያበላችኋል አለ። ልጁ ባለቤቱን በዓመት አንዴም እንደማያየው መለሰ። ጫካው ዳር በተሽከርካሪ የሚጎተት ትንሽ ጎጆ አለ፣ ውስጧ ማሞቂያና ማይክሮዌቭ። ከቤት የያዘውን ሽሮ እዚያ ያሞቃል። ስዊድናዊው ጓደኛው በመጀመሪያው ቀን ሽታው ምንድነው ብሎ መስኮት ከፍቶ ነበር፤ አሁን ግን ያንን የሽሮ ዱቄት ከየት እንደሚገዛ እየጠየቀው ነው።